ሲነቀንቋት ዝም የምትለዋ ኮኮናት

መጀመሪያ ጡረታ የወጣው ጆሮዬ ነው፤ እኔ ተከትዬው ወጣሁ። ኬክ የተቆረሰው ግን ለእኔ ብቻ ነው። ለጆሮዬ ማንም አላጨበጨበለትም፤ ቢያጨበጭቡለትም አይሰማም ነበር።

ፈረደ እባላለሁ። ቤርሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰሩ ከሚሠራበት ቀን የሚተኛበት ቀን በሚበዛ ሕንፃ ውስጥ ከባለቤቴ ከወርቄ ጋር እኖራለሁ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ኮኮናት በመነቅነቅ ነው። የሰፈራችን ሽማግሎች አንዱ ከፋብሪካ፣ አንዱ ከጥበቃ፣ አንዱ ከሆስፒታል ጽዳት ጡረታ ወጥተው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ ወገባቸው ሲያወሩ፣ እኔ «ኮኮናት ስነቀንቅ ነበር» ስል ይስቃሉ። ይሳቁ። የእኔ ወገብ ደህና ነው።

ሰሞኑን ሲጋል ደወለችልኝ። ሲጋል የእኛው ሰፈር ልጅ ናት፤ እኔ በሠራሁበት ሐማማ፣ ማለት በመስታወቱ እርሻ ቤት፣ የቤተ ሙከራው ባለሙያ ናት።

«አባባ፣ ማሽኑ መጣ» አለችኝ። ኮኮናቷን በአንድ በኩል ያስገቧታል፣ የሆዷ ነገር በስክሪን ላይ ይታያል።

«ይሳሳታል?»

«ብኽላል ሎ፣ አባባ። ፈጽሞ።»

እኔ ተሳስቼ ስለማውቅ ደስ አለኝ። ግን ማሽኑ ከእኔ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ እሱ አይፈራም። እኔ እፈራ ነበር። እንዴት እንደምፈራና ለምን እንደምፈራ ሳልናገር ብሞት የሚከፋቸው ሰው አሉ፤ ስማቸውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን፣ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። ወንበር ላይ ረጅም ጊዜ መቀመጥን ያስተማረኝ የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ጥሩ አድርጎ አስተማረኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነበር። አለቃዬ ስሜ ምላሱን ስላደናቀፈው «ፍሬዲ» ይለኝ ነበር። ፍሬዲ ታታሪ ሠራተኛ ነበር፤ ቆሞ የሚያንቀላፋው ፈረደ ነው። ቀጥሎ ቲማቲም ሐማማ ውስጥ ገባሁ። ቲማቲም መልካም ፍጡር ነው፣ ሲበስል ይቀላል፣ ሲበላሽ ይሸታል፣ የሚደብቀው ነገር የለም። እሱ ሲዘጋ ከለሃቪም የባቡር ጣቢያ ባሻገር ሌላ ሐማማ ሰው ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። ደመወዙን ከጠየቃችሁኝ ለዳቦ በቃ፣ ለአሳንሰሩ አልበቃም።

በሩን ስከፍት ውጭ አሸዋ ያዘለ ነፋስ እየነፈሰ ነበር። ውስጥ ግን ጭጋግ ነው። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ከቤተ መቅደስ የሚረዝም የመስታወት ጣራ፣ ከሥሩ ዘንባባዎች። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ሰው ደረቅ ቆዳ እየጎተተ የሚሄድ ይመስላል። ቀና አልኩ፣ ማንም የለም። በበረሃ መሐል፣ ማንም ሳይጠራው የመጣ ሌላ አገር ቆሟል።

«ሳታንኳኳ ገባህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«በሩ ክፍት ነበር» አልኩ።

«በሩን አይደለም።» ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ወጡ፣ ከፊቴ ያለውን ግንድ በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት። «እሷን ነው።»

ሳባ ኤልያስ እኚህ ናቸው። «ሳባ» በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። ከሕንድ፣ ከኮቺን አይሁዶች ወገን ናቸው፤ በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው በኔጌቭ መንደር ያደጉ። በኮኮናት አገር የተወለደ ሰው በረሃ ሲጥሉት ምን ያደርጋል? በረሃውን ያታልላል። የሐማማው ባለቤቶች ገንዘቡን፣ ሳባ ደግሞ ትዝታቸውን አዋጥተው ያን ቤት አቆሙት።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁሉም ኮኮናት አንድ ይመስለኝ ነበር፤ በሬ ሁሉ በሬ እንደሆነ። ኧረ የት ተገኝቶ! አንዷ ከስሪላንካ የመጣች፣ ንጉሥ የሚሏት ብርቱካናማ ናት፤ ሆቴሎች የሚሻሙባት ለሥጋዋ ሳይሆን ለውሃዋ ነው፤ ማር የነካው ዝናብ ነው። ሁለተኛዋ ከታይላንድ የመጣች ድንክ ናት። ውሃዋ ትኩስ ሩዝ ከእርጥብ ሣር ጋር የተቀቀለ ያህል ያውዳል። ግን የሌላ ዘንባባ የአበባ ብናኝ ካረፈባት ፍሬዋ ሽታውን ያጣል። ስለዚህ ለብቻዋ፣ በመረብ ተጋርዳ ነው የምትኖረው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘመድ እንዳናገባ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እሷ ዘመድ ካልሆነ አታገባም። ውድ ያደረጋትም ይኸው ኩራቷ ነው።

ሦስተኛዋ የእርጎ ኮኮናት ናት።

ከውጭ ብታዩአት ከእህቶቿ አትለይም። እህቶቿን ጆሮ ላይ አድርገው ሲነቀንቋቸው ውሃቸው ቦጭ ቦጭ ይላል። እሷን ሲነቀንቋት ዝም ትላለች። ውሃ የላትም፤ ሆዷን ሙሉ እንደ ረጋ እርጎ ለስላሳ ሥጋ ሞልቶታል። የቀመሰ ሰው ሌላውን ኮኮናት እንጨት ነው ይላል። ከአንድ ዘለላ ቢበዛ ጥቂት ቢገኙ ነው፣ ያውም ደሟ ውስጥ ያ ዘር ካለባት እናት ዛፍ። በሐማማችን አንዲት እንዲህ ያለች እናት ነበረች።

የመጀመሪያዋን ዝምተኛ የነቀነቅኩ ቀን አይረሳኝም። ከባድ ናት። ነቀነቅኋት፣ አልመለሰችም። እንደገና ነቀነቅኋት። አንድ ሰው ከበር ጀርባ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ የቆመ መሰለኝ። አስቀመጥኋትና እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።

«ፈራህ» አሉ ሳባ። «መፍራትህ ጥሩ ነው። ውስጧ ሕያው ልጅ አለ። መብሉ በዝቶበት የታፈነ። ብትተክላት አትበቅልም፤ እርጎው አብሮት ይበሰብሳል። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ይሞታል።»

ከዚያ ዓይኖቿን አሳዩኝ። ኮኮናት ሦስት ዓይን አላት፤ ሁለቱ ዕውር ናቸው፣ ልጁ የሚወጣው በሦስተኛዋ ለስላሳ ዓይን ነው። ሳባ ኮኮናት ተሸክመው ሲሄዱ ዓይኖቿን በጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። ሁለት ኮኮናት ዓይን ለዓይን ተፋጥጠው እንዲያድሩ አይፈቅዱም። ጠዋት ሲገቡ የእያንዳንዷን ዘንባባ ግንድ ያንኳኳሉ፣ «ደህና አደርሽ?» ይላሉ፣ የመንደሩን ወሬ ይነግሯታል፤ ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። «ቤተሰብ ከጎረቤት ሲሰማ ቅር ይለዋል» ይሉኝ ነበር። እኔ በሆዴ ስቄ፣ ሳምንት ሳይሞላኝ እሳቸው ሳያዩኝ ማንኳኳት ጀመርኩ።

ዝምተኛዋን የሚያድናት ቤተ ሙከራው ብቻ ነው። ሲጋል ትከፍታትና ከለስላሳዋ ዓይን ሥር ልጁን በመቆንጠጫ ታወጣዋለች። የሕፃን ወተት ጥርስ ያህላል። በብልቃጥ ውስጥ፣ በምግቡ ላይ ታስቀምጠውና ጨለማ ክፍል ውስጥ ታስተኛዋለች። እኔ ወደዚያ ክፍል አልገባም ነበር። በእኛ ወግ ወንድ የአራስ ጎጆ አይገባም። ከደጃፉ ቆሜ «ሴት ናት ወንድ?» ብዬ እጮኻለሁ፣ ሲጋል ከውስጥ ትስቃለች።

ሳቁ ግን ብዙ ጊዜ አይቆይም። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይጠቁሩ ነበር። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ አንዱም አልቆመም። የሳባ ምኞት ደግሞ አንድ ብቻ ነበረች። በኮቺን በቤታቸው ጓሮ አንዲት የእርጎ ዛፍ ነበረች፤ እናታቸው በታመሙ ጊዜ መጨረሻ የዋጡት የእሷን እርጎ ነው። ከዝምተኛ ሆድ ወጥታ የምታድግ ልጅ፣ ፍሬዋ ሁሉ ዝምተኛ ይሆናል፤ እንዲህ ያለች ዛፍ ዋጋ አይወጣላትም። «እንዲህ ያለችውን ቆማ ሳላይ አልሞትም» ይሉ ነበር። እያረጁ ሲሄዱ ደግሞ «ቆማ ሳላይ አትቅበሩኝ» ማለት ጀመሩ።

ከዚያ እናቲቱ ዛፍ ጣራውን ነካች። ቅጠሏ በመስታወቱ ላይ ታጥፎ፣ ሰው ከውስጥ መስኮት የሚገፋ ይመስል ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ዳፍና፣ ስለ ዛፎች ተምራ የመጣች ቀጥተኛ ሴት፣ «ክረምት ሳይገባ መቆረጥ አለባት» አለች። የቀራት አንድ የበሰለ ዘለላ ነበር። ሳባ በዚያን ጊዜ እግራቸው ከድቷቸው ቤት ውለዋል። በስልክ ለዳፍና እንዲህ አሉ፦ «ዘለላውን ፈረደ ይስማው። የፈረደን ጆሮ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ልብ በሉ፤ በዚያ ሰሞን እኔ ክብር በክብር ሆኜ ነበር። በእኛ ወግ ልጆች ከሽማግሌ ፊት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለዓመታት የእኔ ልጆች በዕብራይስጥ ሲጯጯሁብኝ ኖረው፣ ድንገት ድምፃቸው ለሰለሰ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ለሰለሰ። በጸሎት ቤት የቄሱ ድምፅ ራሱ ለሰለሰ። ወርቄ እንኳ፣ ድምፅዋ ቆላ ሆኖ ደጋ የሚሰማው ወርቄ፣ እንደ ሙሽራ ታንሾካሹክ ጀመር። «በመጨረሻ ሽማግሌ ሆንኩ» አልኩ። ጢሜን አሳደግሁ።

ዘለላው ወረደ፣ ተላጠ። የመጀመሪያዋን አንስቼ ነቀነቅኋት። ዝም። ሁለተኛዋን። ዝም። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ ዝም። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ እንደሚጠብቀኝ ሁሉ፣ ያነሳኋት ሁሉ ዝም አለችኝ።

«ስንት አገኘህ?» አለችኝ ዳፍና፤ ይህን በጣቷ ጭምር ስለጠየቀችኝ ገባኝ።

«ሁሉም።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከሩብ በላይ ሊሆን እንደማይችል ደጋግማ አስተምራን ነበር። «መጽሐፉ እንደዚያ ይላል፣ እነሱ ግን መጽሐፍ አያነቡም» አልኳት። ይህን የመሰለ ንግግር ከአንደበቴ ወጥቶ አያውቅም። ሳባን ላምጣቸው ብላ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች፤ «እስከዚያ ጀምሩ» እንዳለች ከእጇ አየሁ።

ሲጋል አንዷን አነሳች። ከጠረጴዛው ስታደርሳት ቆም አለች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «የተባረከች ናት፣ ቁረጪ» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ሽማግሌ አይታረምም። ያች ልጅ እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ሠራዊት አገልግላ፣ ከጎንደር የያዘችው ወግ ይህ ብቻ ነበር፤ የያዘችውም ለእኔ መከራ ነው።

ቆረጠቻት። ውሃ ዘለለ። ጠረጴዛውን አለፈ፣ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ያለ አንዳች ድምፅ። በሕልም እንደሚፈስ ውሃ።

«ቢላዋውን አይታ ደንግጣ ቀለጠች» አልኩ። አትሳቁ፤ ከምሬ ነው። «ሌላ ቁረጪ።» ሁለተኛዋም ቀለጠች። ሦስተኛዋም። ሲጋል እያለቀሰች ነበር፤ ልቅሶዋም ድምፅ የለውም። ቀና ብዬ አየሁ። ትልልቆቹ ማራገቢያዎች ይዞራሉ፣ ዝም ብለው። ቅጠሎቹ ይፋተጋሉ፣ ዝም ብለው። ቤቱ ሁሉ ኀዘን ተቀምጧል፣ የቤቱ ጌታ ሄዷል ብዬ አሰብኩ።

«ሳባ ሞተዋል» አልኩ ጮክ ብዬ።

በሩ ተከፈተና ሳባ ገቡ።

በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ዳፍና ትገፋቸዋለች፣ እኔ ግን ዳፍናን አላየኋትም። የሞቱት ሰው እጃቸውን ዘርግተው የእናቲቱን ግንድ አንኳኩ። ጣታቸው ግንዱን ሲመታ አየሁ። ድምፅ የለም። ወደ እኔ መጡ፣ ፊታቸውን ወደ ፊቴ አቀረቡ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። ከወዲያኛው ዓለም መልእክት ይዘው መጥተው እኔ ኃጢአተኛው አልሰማ ያልኩ መሰለኝና «ይቅር በሉኝ!» ብዬ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

በኋላ ሲጋል ጆሮዬ ውስጥ ጮኻ እንደነገረችኝ፣ መልእክቱ እንዲህ ነበር፦ «ፈረደ፣ መቼ ነው የደነቆርከው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነበር፤ የእኔው ከዚያም አልፎ ሳይሰናበተኝ ሄዶ ኖሯል።

ሳባ አልተቆጡም። ከቅርጫቱ አንዷን አነሱ፣ በራሳቸው ጆሮ ነቀነቁ፣ ከዚያ እጄን ይዘው መዳፌን ኮኮናቷ ላይ አስቀመጡና እንደገና ነቀነቁ። ረገጠኝ! ውሃው ከውስጥ መዳፌን ረገጠኝ። ጎንደር ሳለሁ የደረሰች ላም ጎን ላይ እጄን አሳርፌ ጥጃዋ ስትራገጥ እንደማውቀው፣ ልክ እንደዚያ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጣይዋ ረገጠች። ቀጣይዋም። ሁሉም ጤነኞች፣ ሁሉም ውሃ የያዙ፣ እንዳሉ መተከል የነበረባቸው የእናቲቱ የመጨረሻ ልጆች። ሦስቱ ተሰንጥቀው እግሬ ሥር ተኝተዋል። ሲጋል የእነሱንም ጥርስ ብልቃጥ ውስጥ አስገብታ ሞከረች፤ ሻገቱ። ያንን ወለል ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን እግሬ ይጣበቅብኛል።

ቅርጫቱ ሊያልቅ ሲል አንዷ መጣች። ሳባ ነቀነቋት፣ መዳፌ ጠበቀ። ምንም። ወፍራም፣ ሙሉ ዝምታ። ሳባ ቀስ ብለው እጄን ጨበጡት።

ሲጋል ከፈተቻት። እርጎ። ጥርሷን አወጣች፣ ብልቃጥ ውስጥ አስገባች፣ ጨለማው ክፍል ወሰደቻት። ሳባ ከእርጎው በማንኪያ ጫፍ ቀመሱና ረጅም ጊዜ አልዋጡትም።

ቤት ገብቼ ለወርቄ ብነግራት «ደንቁረህ ነው እንዴ?» ብላ ተቀመጠች። «እኔ እኮ ስሰድብህ ‹እሺ፣ እሺ› ስትል ጊዜ ባሌ ተለወጠ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ!» ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድን ቤታችን፣ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሰጠኝ። ልጆቼም እንደገና መጮህ ጀመሩ። ክብሬ በአንድ ቀን ተገፈፈ።

ጥርሷ ገና ብልቃጥ ውስጥ እያለች ሳባ ሞቱ። እናቲቱም በዚያው ሰሞን ተቆረጠች። ጥርሷ ግን አልጠቆረችም፣ አልበቀለችም፤ ዝም ብላ ተኝታለች። ዳፍና «ትንሽ እንጠብቅ» ትላለች፣ ፊቷ ግን አይጠብቅም።

እኔ ሌላ ነገር ነው ያስጨነቀኝ። ብልቃጥ ውስጥ ላለችው ልጅ የሳባን ሞት ማንም አልነገራትም። ሳባ ቢኖሩ ይነግሯት ነበር። በእኛ ወግ መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ሽማግሎች ተሰብስበው በማለዳ ይሄዳሉ። ሽማግሌ ስላጣሁ ዳፍናንና ሲጋልን ይዤ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ወንድ የማይገባበትን ጎጆ ገባሁ። ጨለማው ሞቅ ያለ ነው፣ የሰው አፍ ውስጥ የገቡ ያህል። ብልቃጧን በመዳፌ ይዤ «ልጄ፣ አባትሽ ኤልያስ አርፈዋል» አልኳት። ዳፍና ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም፤ እሷም እንደ እኛ ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች።

መዳፌ ውስጥ አንዳች ነገር ነካኝ። ብልቃጥ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሊረግጥ አይችልም። ለሁለቱም አልነገርኳቸውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲጋል አረንጓዴ ጫፍ አየች።

ያች ልጅ ዛሬ ከእኔ ትረዝማለች፤ ከእኔ መርዘም ከባድ አይደለም። እኔ ጡረታ ስወጣ አበባ እንጂ ፍሬ አልነበራትም። ሰሞኑን ሲጋል የደወለችልኝ ስለ ማሽኑ ብቻ አልነበረም።

«አባባ፣ የመጀመሪያው ዘለላ ደረሰ። ነቀነቅናቸው። ሁሉም ዝም አሉ።»

«ሁሉም? ሂጂ ጆሮሽን ተመርመሪ!» አልኳት።

በማግሥቱ ባቡር ይዤ ሄድኩ። ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሰላም አልኩት። ከዚያ የጆሮዬን መሣሪያ አውጥቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ከልጅቷ ዛፍ ጋር በድሮው መንገድ መነጋገር ፈለግሁ። ማራገቢያው ጠፋ፣ ቅጠሉ ጠፋ። አንዷን አነሳሁ፣ ዓይኖቿን ወደ እኔ አዞርኩ፣ በመዳፌ ይዤ ነቀነቅኋት።

«ደህና አደርሽ? አባትሽ ሰላም ብለውሻል።»

ዝም አለች። ጎሽ፣ የእናትሽ ልጅ!

ሳላንኳኳ መግባቴ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አፍሬ እጄን የዛፏ ግንድ ላይ ጣል አደረግሁ፣ ላንኳኳ ስል ግን ከወዲያ በኩል ግንዱ በጣት ተመታ። ሁለት ጊዜ። መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም። ሲጋል ሩቅ፣ ደጃፉ ላይ ናት፤ ወደ ውጭ እያየች።

መሣሪያውን ከኪሴ አላወጣሁም።

«ሰምቻለሁ፣ ሳባ» አልኩ።